ልጄ «ማንን ልምረጥ?» ስትለኝ

አራስ ልጠይቅ ሄጄ ነው ምርጫ ውስጥ የገባሁት። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ልጄ በቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስለነበር፣ በርበሬውንና ሽሮውን፣ የገንፎ ዱቄቱንና አብሹን ጠቅልዬ ሄድኩ። ቅቤውን እንዴት አድርጌ እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ነሐሴ 22 ቀን ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ሦስት ጊዜ እልል ልል አፌን ስከፍት ሆስፒታል መሆኔ ትዝ አለኝና ዋጥኩት።

በማግስቱ ሐኪሙ የሕፃኗን ደረት ሲያዳምጥ ቆየ። ቆይታው አላማረኝም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስለሠራሁ ሐኪም ማዳመጫውን አንድ ቦታ ላይ ሲያቆይ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አልትራሳውንድ ታየች፤ በታችኛዎቹ የልብ ክፍሎች መካከል ትንሽ ቀዳዳ ተገኘ። እንዲህ ያለው ትንሽ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ በራሱ ይደፈናል፤ ይህንን ለስንቱ እናት ነግሬያለሁ። የራስ የልጅ ልጅ ሲሆን ግን ሙያው ከጭንቅላት ይጠፋል። ክትትል ያስፈልጋታል ተብሎ ወደ ቤት ገባን።

ልጄ የአሜሪካ ዜግነት የወሰደችው በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ነበር። በጥቅምት 26ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትመርጥ ነው። አንድ ቀን ሕፃኗን አስተኝተን፣ እኔ አጥሚት እያማሰልኩ፣ እሷ የናሙና ድምፅ መስጫ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ስታየው ቆየችና «እማዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ማንን ትመርጫለሽ?» አለችኝ።

እኔ በዚያ አገር ድምፅ የለኝም። እንግዳ ነኝ። ያም ሆኖ መልሱን ከአፌ ለመመለስ ያለችኝን ትዕግሥት ሁሉ ጨርሻለሁ። ምክንያቱም ቤታችን ውስጥ ጉዳዩ ቀድሞ ገብቶ ነበር።

የገባው በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን ካማላ ሐሪስና ዶናልድ ትራምፕ ፊላደልፊያ ላይ ሲከራከሩ እኛ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት እያቁላላን እናያለን። አትላንታ፣ ጆርጂያ የሚኖረው ወንዱ ልጄ በቪዲዮ ስልክ አብሮን ነበር። እሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ትራምፕን ይደግፋል። አማቼ ደግሞ ሐሪስን። ትራምፕ ስፕሪንግፊልድ ኦሃዮ ውስጥ ስደተኞች የሰው ውሻና ድመት እየበሉ ነው ሲሉ አማቼ ብድግ አለ። አወያዩ ከተማው እንዲህ ያለ ተዓማኒ መረጃ የለንም ማለቱን ቢናገርም አማቼ የሚሰማ አልሆነም። «ይኸው! እኛን ነው የሚለው!» አለ ወደ ስልኩ ዞሮ። ልጄም፣ «አፉን ተወው፤ እኔ የማየው ኪሴን ነው» አለው። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልጽፈውም። በመጨረሻ ልጄ «ለክርስትናውም አትጠብቁኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ የሚሞላው ከምርጫው አሥር ቀን በኋላ ነው። ያቺ ዶሮ ለማንም አልጣመችም።

እንግዲህ ልጄ ስትጠይቀኝ መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው ግድቡ ነው። የአንባብያንም እንዲሁ ይመስለኛል። በ2003 ዓ.ም. ከነርስ ደመወዜ የአንድ ወሩን ለቦንድ የሰጠሁ ሰው ነኝ። ጥቅምት 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ትራምፕ ፕሬዚዳንት ሆነው ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ ሲነጋገሩ፣ ጋዜጠኞች በተሰበሰቡበት፣ ግብፆች ግድቡን ያፈነዱታል ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «እሱን ሰውዬ እንዴት ትመርጫለሽ?» ለማለት ተነሣሁ።

ግን ይኼን ስል ወንዱ ልጄ የሚመልስልኝን አውቀዋለሁ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ ያስወጣት የባይደን መንግሥት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ። ሐሪስ ደግሞ የባይደን ምክትል ነበሩ። በእኛ ሰፈር ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጥራ እናቷን የምትረዳ ልጅ በዚያ ሰሞን ሥራዋን አጥታ ዓረብ አገር ሄዳለች። እሷን አይቼ ደግሞ ለእነዚያ ምረጪ እንዴት እላለሁ? አጎዋን መጀመሪያ በ2000 እ.ኤ.አ. የፈረሙት ግን የባይደን ፓርቲ ሰው ቢል ክሊንተን ናቸው። ዲቪ የምንለውን ዕጣ ያመጣውን የ1990 ሕግ የፈረሙት ደግሞ ሪፐብሊካኑ ትልቁ ቡሽ ነበሩ፤ ትራምፕ ሊያስቀሩት የሚፈልጉት ያንኑ ዕጣ ነው። እንዲህ ስቆጥር ፓርቲ የሚባለው ነገር ለእኛ ወዳጅና ጠላት መለያ እንዳልሆነ ገባኝ።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ የገዛ ሥራዬ ነው። ይህን ለልጄ ነገርኳት፤ አማቼም ከሥራ ገብቶ ይሰማ ነበር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ተኝተው የሚታከሙ በሽተኞች ክፍል ነበርኩ። በኤችአይቪ የታመሙትን በቃሬዛ ያመጡልናል፤ እኛ ቁስል እናጥባለን፣ ግሉኮስ እንሰቅላለን፣ ተቅማጥ እናስታግሳለን፤ ከዚያ ቤተሰቡ ይጠራል። መድኃኒቱ ዓለም ላይ አለ፤ እኛ ዘንድ የሚያገኘው መክፈል የቻለ ብቻ ነበር። አንድ ጥዋት ሥራ ስገባ ማታ ካስተኛኋቸው ስድስት ሰዎች ሦስት አልጋ ባዶ አግኝቻለሁ። ጥር 20 ቀን 1995 ዓ.ም. ትንሹ ቡሽ ለምክር ቤታቸው ባደረጉት ንግግር በአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር ለኤድስ እንዲወጣ ጠየቁ። ፔፕፋር የሚባለው እሱ ነው። ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚ አገሮች አንዷ ሆነች፤ ጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ጀመረ።

እኔም ወደ ጤና ጣቢያ ተዛውሬ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ክፍል ገባሁ። መጀመሪያ መድኃኒት ካስጀመርኳቸው መካከል ወንድሟ በጀርባው አዝሎ ያመጣት፣ ሠላሳ አንድ ኪሎ የምትመዝን ሴት ነበረች። በስምንተኛው ወር በእግሯ መጥታ፣ አዲስ ጫማ አድርጋ፣ «ሲስተር፣ እዪኝ እስቲ» ብላ ተሽከረከረችልኝ። እና ያን መድኃኒት ያመጣው ሰው ሪፐብሊካን ነው። አማቼ ኢራቅን የወረሩ ሰው ናቸው ብሎ ቡሽን እንዳይሆኑ አድርጎ ሲያማ የኖረ ነው፤ ዝም አለ። እኔም የኢራቁን አልካድኩም። ሁለቱንም ያደረገው አንድ ሰው ነው።

ልጄ እስከ መጨረሻ አዳመጠችኝና፣ «እማዬ፣ የምትነግሪኝ ሁሉ ስለ አገር ቤት ነው። እኔ ግን የምኖረው እዚህ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እሷ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። የወለደችበት ፈቃድ 12 ሳምንት ነው፤ ያለ ደመወዝ። ይህንኑንም ክሊንተን በ1993 እ.ኤ.አ. ሕግ አድርገውት ነው፤ ሥራዋን ያስጠብቅላታል እንጂ ሳንቲም አይሰጣትም። እኔ መጀመሪያ ስሰማ የቋንቋ ስህተት መስሎኝ ነበር። በእኛ በድሆቹ አገር ሕጉ ለወላድ 120 ቀን ከነደመወዟ ይሰጣል፤ በዓለም ሀብታሙ አገር ልጄ በጡት ወተት መካከል የቤት ኪራይ ታሰላለች። ሐሪስ የሚከፈልበት ፈቃድ ይኑር ከሚሉት ወገን ናቸው። ይሁንና ለፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች የ12 ሳምንት የሚከፈልበት ፈቃድ የሰጠውን ሕግ በ2019 የፈረሙት ትራምፕ መሆናቸውንም ልጄ ራሷ አንብባ ነገረችኝ።

ከዚያ የሕፃኗ ልብ አለ። ዱሮ በአሜሪካ የኢንሹራንስ ድርጅት ከነበረ ሕመም ጋር የመጣን ሰው አልቀበልም ማለት ይችል ነበር። ይህን የከለከለው በ2010 እ.ኤ.አ. ኦባማ የፈረሙት የጤና መድን ሕግ ነው። በ2017 የትራምፕ ፓርቲ ሊሽረው ሲሞክር በአንድ ድምፅ ነው የተረፈው፤ ያቺን ድምፅ የነፈጋቸው ደግሞ የራሳቸው ፓርቲ ሴናተር ጆን ማኬይን ነበሩ። በእንቁጣጣሹ ዋዜማ ክርክር ላይ ትራምፕ በምን እንደሚተኩት ሲጠየቁ የዕቅድ ሐሳብ እንዳላቸው ተናገሩ። የዕቅድ ሐሳብ! በተረኛ ነርስነቴ እንዲህ ያለ ርክክብ ብጽፍ ኖሮ ማትሮኗ ወረቀቱን ትወረውርልኝ ነበር። ልደብቀው አልችልም፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ልቤ ወደ ሐሪስ አደላ።

በሕንፃው ምድር ቤት የሚኖሩ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ለአርባ ዓመት ያህል እዚያ የኖሩ ናቸው። ስኳር ስላለባቸው እግራቸውን ላይላቸው እወርድ ነበር። ኢንሱሊናቸውን በወር 35 ዶላር ነው የሚገዙት፤ ይህ ጣሪያ የአረጋውያን መድን ላላቸው በባይደን ሕግ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣ ነው። ጋሼ ግን፣ «በትራምፕም ጊዜ ለአንዳንዱ የመድን ዓይነት 35 ዶላር ጀምሮ ነበር፤ እውነቱ ይነገር» ይላሉ። ለሁለቱም ፓርቲ በየጊዜው መርጠዋል። ለልጄ የምርጫ ወረቀቱን አነባበብ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ከላይ ፕሬዚዳንቱ፣ ከታች ሴናተሩ፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ፣ የከተማው ከንቲባ፣ የትምህርት ቤት ቦርዱ፣ አልፎም በሥራ ላይ የሞቱ ወታደሮች ባለቤቶች ከቤት ግብር ነፃ ይሁኑ ወይ የሚል ጥያቄ። «ሰው ከላይ ያለችውን አንዲት ክብ አጥቁሮ ይወጣል፤ የልጅሽ ትምህርት ቤት ግን ከታች ነው» አሏት።

ለእኔ ደግሞ ሌላ ነገር ነገሩኝ። በዚያ አገር ፕሬዚዳንቱ የሚመረጠው በአገሪቱ ጠቅላላ ድምፅ አይደለም። ለግዛቶቹ የተከፋፈለ 538 ድምፅ አለ፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሂላሪ ክሊንተን ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጠው ነው የተሸነፉት። ቨርጂኒያ 13 ድምፅ አላት፤ ከ2008 ወዲህ ለዴሞክራቶቹ ነው የምትሰጠው። ጆርጂያ ግን 16 ድምፅ ይዛ ወዲያና ወዲህ ትዋልላለች፤ በ2020 ባይደን እዚያ ያሸነፉት በ11,779 ድምፅ ብቻ ነበር። «እንግዲህ ሲስተር» አሉኝ ጋሼ እየሳቁ፣ «ልጅዎ እዚህ ከሚጨነቁላት ይልቅ አትላንታ ያለው ልጅዎ ድምፅ ይከብዳል።»

እሳቸው ለቀልድ ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሕፃኗን አቅፌ ደረቷ ላይ ጆሮዬን አድርጌ ሳዳምጥ አደርኩ። ጥዋት ለወንዱ ልጄ ደወልኩ።

መጀመሪያ ምክንያቱን እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። ነገረኝ። በ2022 እ.ኤ.አ. ሰኔ የዋጋ ንረቱ 9.1 በመቶ ሲደርስ ናፍጣው የወር ትርፉን በልቶበታል፤ መኪናውን ሊያስረክብ ነበር። ወረቀቱን አሟልቶ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ስድስት ዓመት ቆይቶ ነው የገባው፤ ድንበር አቋርጦ የሚገባው ሰው ያናድደዋል። ፅንስ ማቋረጥን ደግሞ በእምነቱ አይቀበለውም። ይኼኛው ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም ጾሜን የምጾም ሰው ነኝ። ግን ሕጋችን በ1997 ዓ.ም. ከመሻሻሉ በፊት የነበረውን የሴቶች ክፍል አይቻለሁ፤ በሽቦ፣ በስር፣ በማይባል ነገር ሞክረው ማህፀናቸው መግል ይዞ የሚመጡትን ልጃገረዶች። የአንዷ ሽታ እስከ ዛሬ ይመጣብኛል። ይህን ለልጆቼ ነግሬ አላውቅም ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝ። «አላውቅም ነበር እማዬ» አለ። እዚያ ላይ ብተወው ጥሩ ነበር።

አልተውኩትም። «እንግዲያውስ በጡቴ ይዤሃለሁ፣ ለዚያ ሰውዬ አትምረጥ። ለዚህች ሕፃን ልብ ስትል» አልኩት።

ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ፣ «እማዬ፣ በጡትሽ አትያዢኝ» አለኝ፤ ድምፁ ሌላ ሆኖ። «መድኃኒት አልወስድም ያለሽን በሽተኛ በጡትሽ ትይዥው ነበር? ያለውን ሁሉ ትነግሪው ነበር እንጂ። ነገርሽኝ፤ ሰማሁ።» ደህና ሁኚ ብሎ ዘጋ።

ስልሳ ዓመት አልፎኝ በልጄ ፊት አፈርኩ። እናት ጡቴን ብላ የምትለምነው ለዕርቅ ነው፤ ለሕይወት ነው። እኔ ለማልመርጥበት ምርጫ አወጣሁት። ደግሞ እኮ ያስፈራኝ የሕፃኗ ልብ ብቻ አልነበረም። ልጄ ዜጋ ስለሆነች ለእኔ የመኖሪያ ፈቃድ ልታመለክት ትችላለች፤ ትራምፕ ደግሞ ዘመድ ዘመድን መሳቡን ይነቅፋሉ። ይህም ከሆዴ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ያኔ አላመንኩትም፤ አሁን ግን አምኜ እጽፈዋለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ለሴቷም ልጄ ማንን ምረጪ አላልኳትም። የማውቀውን ጠየቀችኝ፣ የማውቀውን መለስኩ፤ ግድቡንም፣ አጎዋውንም፣ ቡሽንም፣ የሴቶች ክፍሉንም። እሷም ጡት እያጠባች ማታ ማታ በስልኳ ታነባለች። አንድ ቀን እንዲያውም፣ «ይኸውልሽ፣ ወንድሜ ስለ ናፍጣ የሚለው ልክ ነው» አለችኝ። ሌላ ቀን ተመልሳ ሌላ አለች።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ሄደች። በቨርጂኒያ ከምርጫው ቀን 45 ቀን ቀድሞ ስለሚጀመር ሰልፉ ረጅም አልነበረም። ሕፃን ልጅ ከወላጁ ጋር ድምፅ መስጫው ውስጥ መግባት ይፈቀድለታል፤ እኔ ግን እንዳልሳሳት ፈራሁና ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረሁ። የልጅ ልጄ ገብታ እኔ አልገባሁም። በ1997ቱ የእኛ ምርጫ ሌሊት ተነሥቼ የተሰለፍኩት ትዝ አለኝ፤ ልጄ ያኔ ትንሽ ልጅ ሆና ቀሚሴን ይዛ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይታ ወጣች። «መርጫለሁ» የሚለውን ክብ ወረቀት ሕፃኗ ኮፍያ ላይ ለጥፋዋለች። ማንን መረጥሽ አላልኳትም። አማቼም በመኪናው መስታወት አይቶን ምንም አልጠየቀም፤ ይህ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። ትራምፕ 312 ለ226 አሸነፉ፤ ጆርጂያም ወደ እሳቸው ዞረች፤ ቨርጂኒያ ለሐሪስ ሰጠች። አማቼ በጊዜ ገብቶ ተኛ። እኔ ሕፃኗን ይዤ አደርኩ። ከአትላንታ የሚደወል ስልክ ጠበቅኩ፤ አልደወለም። በሦስተኛው ቀን ለእህቱ «ክርስትናው ስንት ሰዓት ነው?» የሚል ጽሑፍ ላከላት።

ኅዳር 7 ቅዳሜ ነበር። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ፣ በሥራ ልብሱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደረሰ። አማቼ የራሱን ነጭ ነጠላ አውልቆ አለበሰው። ከዚያ በኋላ በድግሱ ላይ ጥግ ይዘው ሲነጋገሩ አየሁና ደረስኩባቸው፤ ስለ መኪና ጎማ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ተመለስኩ። ከመሄዴ በፊት በተደረገው ምርመራ የሕፃኗ ቀዳዳ ጠቦ ነበር። ጥር 12 ቀን ትራምፕ ሥልጣን በያዙ ዕለት የውጭ ርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ትእዛዝ ፈረሙ። የካቲት ላይ የሠራሁበትን ጤና ጣቢያ ልጠይቅ ሄድኩ። ክፍሉ አለ፤ ነርሶቹ አሉ። በርዳታው ገንዘብ የተቀጠሩት መረጃ መዝጋቢዎችና በሽተኞችን በመድኃኒት ክትትል የሚያግዙት ግን የሉም፤ ወንበሮቻቸው ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል። ያቺ በ1997 ሠላሳ አንድ ኪሎ የነበረች ሴት ተራዋን ስትጠብቅ አገኘኋት። አሁን አያት ናት። የስድስት ወር መድኃኒቷን በቦርሳ ይዛ፣ ቀጣዩ ቀጠሮዋ ነሐሴ ላይ መሆኑን ካርዷ ላይ አሳየችኝ። አጠገቧ አስቀመጠችኝና ስለ አራሷ፣ ስለ ክርስትናው ጠየቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ምልሽ ሲስተር፣ ልጅሽ ማንን መረጠች?» አለችኝ።

«አልጠየቅኳትም» አልኳት።